ሰው ምን ይለኛል?

ባለፈው ወር ከአንድ ጓደኛችን ሦስት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ደርሶን ነበር። እናቱ ከገጠር ስንቅ ተሸክመው ሊጠይቁት በመጡ ቀን የክፍል ጓደኞቹ ከግቢው በር አጠገብ አግኝተውት፥ «እኚህ ማን ናቸው?» ቢሉት፥ «ከአገር ቤት የመጡ ጎረቤታችን ናቸው» ብሎ ማለፉን የሚናገር ነው። አንብበን ስንጨርስ ሁላችንም ዝም አልን፤ ከመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር ያልደረሰበት ጥቂት ነውና። ጓደኛችን ግን በማግሥቱ መጥቶ፥ «መልሱልኝ፤ ሰው ምን ይለኛል?» አለን። መለስንለት። ይህንን ያህል እንኳ የጻፍነው ፈቃዱን ጠይቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ የደረሱንን ጽሑፎች መለስ ብለን ተመለከትን። ብዙዎቹ ስለ ወጣቱ ኃላፊነት፥ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር እድገት የተጻፉ ናቸው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን «እኔ» የሚል ቃል በውስጣቸው ፈልገን አጣን። ጸሐፊው «የዛሬ ወጣት ያፍራል» ይላል እንጂ «አፈርሁ» አይልም። ፈተና የወደቀው፥ ቤቱ የናፈቀው፥ ሌሊት ያለቀሰው ሁልጊዜ «አንድ ተማሪ» ነው።

ይሉኝታ የሚለው ቃላችን «ይሉኛል» ከማለት የወጣ ነው። ይሉኝታ ፈጽሞ ክፉ ነው አንልም፤ ታላቅን እንድናከብርና የሌላውን ሰው ገመና አደባባይ እንዳናወጣ ይጠብቀናል። ሆኖም ሰው ብቻውን ከደብተሩ ጋር በተቀመጠበት ሰዓት ከጀርባው ቆሞ እጁን የሚይዘው ከሆነ፥ ጨዋነት መሆኑ ቀርቶ ፍርሃት ሆኗል። «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የታፈነ ነገርም የሚፈጀው ያንኑ ያፈነውን ሆድ ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. የዘመናቸውን አስተዳደር ለመንቀፍ በፈለጉ ጊዜ ነገሩን በአውሬዎች አፍ አድርገው «ፋቡላ» የተባለውን ቴአትር ጻፉ። በአውሬ ተሸፍኖም በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ከመታገድ አልዳነም። እኚሁ ሰው ኋላ የገዛ ሕይወታቸውን ያለ አንዳች መሸፈኛ በ«እኔ» ጻፉ። መጽሐፉ የታተመው ግን በ1969 ዓ.ም. ካረፉ ብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንማራለን፤ ይኸውም መጻፍ ሌላ፥ ለሰው ማሳየት ሌላ መሆኑን ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናያቸው ነው ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳንጨርስ አንባቢው መጥቶ የሚፈርድብን።

ስለዚህ ጓደኞቻችንን የምንመክረው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ለማንም እንደማይታይ አድርጋችሁ ጻፉ። ጥቂት ቀን አሳድራችሁ ራሳችሁ አንብቡት። ቀጥሎ ለምታምኑት ለአንድ ሰው ብቻ አሳዩ። ማሳተምን የምታስቡት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ሳይታተም ቢቀርም ድካማችሁ ከንቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በጸሐፊዎች ላይ ብንጥል ሐቀኞች አንሆንም። ዓምና ስለ ፍቅር የተጻፈ አንድ ግጥም ደርሶን፥ ከእኛ ከአዘጋጆቹ አንዱ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሌሎቻችንም ሳቅን። ሳይመሽ የጸሐፊው ስም በየመኝታ ክፍሉ ተሰማ። ያ ጓደኛችን ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልላከልንም። ታዲያ ሰው ቢፈራን ይፈረድበታልን? በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ከዚህ እትም ጀምሮ ማንኛውንም ጽሑፍ ከሁለት አዘጋጆች በቀር ሌላ ሰው አያነበውም። በብዕር ስም መጻፍ ለሚፈልግ ትክክለኛ ስሙን አንጠይቅም። አስተያየት የምንሰጠው በጽሑፉ እንጂ በጸሐፊው ኑሮ ላይ አይሆንም። «ይህ ዐረፍተ ነገር አልጠራም» እንላለን፤ «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?» አንልም። እናንተም አንባቢዎቻችን ጸሐፊውን ብታውቁት በመተላለፊያው ላይ በጣት እንዳትጠቋቆሙበት አደራ እንላለን።

የዚያን ጓደኛችንን ጽሑፍ በተመለከተ፥ መልሶ ማምጣትና አለማምጣት የእሱ ፈንታ ነው። እኛ የምንለምነው እንዳይቀድደው ብቻ ነው።