ከፍራንክፈርት እስከ ሮም፦ አምስት ሰው በአንድ መኪና፣ አራት ዓይነት ወረቀት

የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለበጋ ሲዘጉ የኢትዮጵያውያን ቤት ስልክ ሥራ ይበዛበታል። አንዱ ሮም ያለች እህቱን ሊጠይቅ ያስባል። ሌላው በየዓመቱ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ወደሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ዝግጅት ልጆቹን ይዞ ሊሄድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ደግሞ ከአንድ ከተማ ሌላ ሳያዩ መመለስ አይፈልጉም። ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛት በመኪና መሄዱ ኪስ አይጎዳም፤ ሻንጣውም ስንቁም እንደልብ ይጫናል። ዕቅዱ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ከሆቴልና ከነዳጅ ሂሳብ ይጀምራል። መቅደም የሚገባው ግን መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች የያዙት ወረቀት ነው።

ብዙ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በአንድ ዓይነት ፓስፖርት አይጓዙም። ልጆቹ የጀርመን ፓስፖርት ይዘዋል። እናት የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አላት። አባት ሰማያዊውን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ይዟል። አያት የገቡት በሸንገን ቪዛ ነው። ቤተሰቡ የት ደርሶ የት እንደማይደርስ የሚወስነው ከነዚህ ሁሉ ደካማው ወረቀት ነው።

የሸንገን ክልል ዛሬ 29 አገሮችን ያቅፋል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት፤ አየርላንድ ግን የኅብረቱ አባል ሆና ከሸንገን ውጭ ናት። ከአባል አገሮቹ በአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ሆኖም የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ አብሮት መኖር አለበት። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ድንበር እንዲሻገር አይፈቀድለትም። ይህን ቁርጥ ነገር አስቀድሞ መነጋገር ድንበር ላይ ከሚደርስ ድንጋጤ ያድናል።

የአያትን ቪዛ ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ተለጣፊው ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች ተጽፈዋል፦ ቪዛው የሚሠራባቸው ቀናት፣ የሚፈቀደው የቆይታ ቀን ብዛትና የመግቢያው ቁጥር። የመግቢያው ቁጥር 01 ከሆነ ከሸንገን አንዴ የወጣ ሰው በዚያው ቪዛ ተመልሶ አይገባም። ለንደን ያለ ዘመድን ለመጠየቅ የእንግሊዝ ቪዛ ማግኘት ብቻ አይበቃም ማለት ነው። በክሮኤሺያ የባሕር ዳርቻ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ የሚነዱ ሰዎችም ከሸንገን ውጭ በሆነው የቦስኒያ ጠባብ መሬት ውስጥ ማለፍ ግድ ይሆንባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የፔልዬሻትስ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ግን ከክሮኤሺያ ሳይወጡ መሻገር ይቻላል። የስልክ ካርታ አጭሩን መንገድ ሊያስቀድም ስለሚችል፣ መስመሩ ከሸንገን ይወጣ እንደሆነ ራስ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከአሜሪካ መጥተው ጉዞውን የሚቀላቀሉ ዘመዶችም አሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን የሸንገን ቪዛ መጠየቅ ግዴታው ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር ቆንስላ ሲሆን፣ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ከዱባይ ወይም ከሪያድ የሚመጣም እንዲሁ በሚኖርበት አገር ያመለክታል።

ወረቀቱ ከተጣራ በኋላ መስመሩ ይቀረጻል። ከፍራንክፈርት ተነስቶ በጄኔቭ ሮም የሚደርስ፣ በኢንስብሩክና በሙኒክ በኩል የሚመለስ ዙር ወደ 2,800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ልጅና አዛውንት ይዞ በቀን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ስለሚከብድ፣ ማረፊያ ቀን ተጨምሮበት ከስምንት እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል። መነሻው ራሱ ታሪክ አለው። ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ግእዝና አማርኛ ያጠናው ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን ያሳተመው በ1698 ፍራንክፈርት ነው፤ በ1704 ያረፈውም እዚያው ነው።

ባዝል ላይ ስዊዘርላንድ ሲገባ ቪኜት የሚባለው የአውራ ጎዳና ክፍያ ይመጣል። ዋጋው 40 ፍራንክ ነው፤ ለአጭር ጊዜ የሚሸጥ የለም፤ በመኪናው ሰሌዳ ቁጥር በኢንተርኔት ቀድሞ መግዛት ይቻላል። ስንቅም እዚህ ላይ ይታሰባል። ሥጋ ለአንድ ሰው 1 ኪሎ፣ ቅቤም 1 ኪሎ ያለ ቀረጥ ያልፋል፤ ስለዚህ ለሮሟ እህት የታሰበው ንጥር ቅቤ በተሳፋሪው ቁጥር መመጠን አለበት። የጤና መድን ካርዱም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ላልሆነ ሰው ስዊዘርላንድ ውስጥ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል መድን ድርጅቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ጄኔቭ ላይ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቆዩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ የተናገሩት፣ የመርዝ ጋዙን ግፍ ለዓለም ያሰሙት በዚህች ከተማ ነበር፤ ቀኑም ጁን 30 ቀን 1936 ነው። አውሮፓ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን በሐይቁ ዳር እየሄደ ከወላጁ አፍ ቢሰማው ከመጽሐፍ ከሚያነበው የበለጠ ይገባዋል።

ከጄኔቭ በፈረንሳይ በኩል ወደ ጣሊያን የሚያሻግረው የሞን ብላን ዋሻ 11.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ክፍያው ውድ ነው። በቅርብ ዓመታት በመጸው ወራት ለጥገና ሲዘጋ ስለነበር ቀኑን ማጣራት ግድ ነው። ጣሊያን ውስጥ የአውራ ጎዳናው ክፍያ ሲገቡ ቲኬት ወስዶ ሲወጡ መክፈል ነው፤ ‹ቴሌፓስ› የሚል ብቻ የተጻፈበት ቢጫ መስመር ለተመዘገቡ መኪኖች የተለየ ነው። ከሁሉ በላይ ኪስ የሚጎዳው ግን ዜድ ቲ ኤል የሚባለው፣ በፍሎረንስም በሮምም በካሜራ የሚጠበቀው የመሃል ከተማ ክልከላ ነው። ቅጣቱ ከወራት በኋላ በፖስታ እስከ ቤት ድረስ ይመጣል፤ መኪናው የኪራይ ከሆነ አከራዩም የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል። ሆቴሉ በክልሉ ውስጥ ከሆነ የሰሌዳ ቁጥር ያስመዘግብ እንደሆነ ከመድረስ በፊት ይጠየቅ። የጣሊያን ሆቴል የእያንዳንዱን እንግዳ፣ የሕፃኑን ጭምር፣ መታወቂያ መመዝገብ ስላለበት የማንም ወረቀት ቤት መቅረት የለበትም።

ሮም ላይ መኪናው ከመሃል ውጭ ይቁምና ቤተሰቡ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ይውረድ። ወዲያው የሚያገኙት የፖርታ ካፔና አደባባይ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚህ ሲሆን፣ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በቦታው ተተክሏል። ፊት ለፊት ያለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ መጀመሪያ የታሰበው ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ከዚያ በሳን ግሬጎርዮ ጎዳና ጥቂት ደቂቃ ቢራመዱ የቆንስጠንጢኖስ ቅስት ይደርሳሉ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ሐውልቱ አጠገብ አልፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው እዚህ ነው፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። የተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አደባባይም ‹የአምስት መቶዎቹ› ተብሎ የተሰየመው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተገደሉት የጣሊያን ወታደሮች ነው። በየቀኑ በዚያ የሚያልፉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

በመልሱ መንገድ ኦስትሪያ ሌላ ቪኜት ትጠይቃለች፤ የብሬነር አውራ ጎዳና ደግሞ ከቪኜቱ ሌላ የራሱ ክፍያ አለው። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር አድርጋለች፤ ጊዜውንም ደጋግማ አራዝማለች። ስለዚህ የሁሉም ሰነድ ሻንጣ ሥር ሳይሆን ከፊት ወንበር ይቀመጥ። መሪ መቀያየርም ይታሰብበት፦ ጀርመን ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የኖረ ሰው በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት አይችልም፤ አደጋ ቢደርስ መድኑም ችግር ውስጥ ይገባል።

የቀኑ ምርጫም ቀላል አይደለም። ኦገስት 15 ጣሊያን በዓል ላይ ናት፤ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሱቁ ይዘጋል። ያ ሰሞን የፍልሰታ ጾም ነው፤ ጾመኛ ያለበት ቤተሰብ ከጁላይ መጨረሻ በፊት ቢጓዝ ለአያትም ለልጆችም ይቀላል። ለዚህ የሚሆነው የዝግጅት ጊዜ ጃንዋሪ ነው። የየከተማው የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች ይህን መስመር ከልጆቹ ጋር ካርታ ላይ ቢሠሩት፣ ቪዛና ቪኜት የሚያውቁ ወላጆችም ልምዳቸውን ለአዲስ መጤዎች ቢያካፍሉ፣ በሚቀጥለው በጋ ብዙ መኪና ተዘጋጅቶ ይነሳል።