ጉርሻ ደመወዝ ሲሆን

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፈው የሚያገኟት አምቦ በአንድ ወቅት «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ትጠራ ነበር። ዛሬም ውሃዋ ስሟን በጠርሙስ ተሸክሞ አገር ምድሩን ያዳርሳል። በዕረፍት ቀን የመዲናይቱ ሰው በየመኪናው ተጭኖ ይመጣባታል፤ ፍል ውሃ ይነከራል፣ ቁርጥ ይበላል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ይህ ጸሐፊም ከነዚሁ መንገደኞች አንዱ ሆኖ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከአጠገባችን ስድስት ሰዎች ከበውት ከነበረው ጠረጴዛ ሂሳብ ተጠየቀ። ከመካከላቸው አንዱ፣ የተከበረ የሚመስል ጎልማሳ፣ አስተናጋጇ ያመጣችለትን መልስ ከፊቱ አቁሞ አንድ በአንድ ካስቆጠራት በኋላ ሁለት ባለ አሥር ብር ኖቶች አጣጠፈና ቢራ በፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ወርወር አደረጋቸው። «በይ፣ ጉርሻሽን!» አላት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሳቻቸው። «ገለቶማ» አለች፤ በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ኪሷ ከተተቻቸው።

እኛ ዘንድ ስትመጣ ደመወዟ ያኖራት እንደሆነ ጠየቅኋት። ያልተገባ ጥያቄ መሆኑን አላጣሁትም። እርሷ ግን ሳትቆጣ፣ «ጋሼ፣ ደመወዙማ ለቤት ኪራይ ነው፤ የምበላው ከናንተ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ማታ ሂሳብ ሳይከፍሉ የጠፉ ደንበኞች እንደነበሩና ገንዘቡ ከርሷ እንደሚቆረጥ ነገረችኝ። ማርካዋን ከካሸሯ የወሰደች እርሷ ናትና ዕዳውም የርሷ ነው።

«የምበላው ከናንተ ነው።» ብዕሬን ያስነሳችው ይህች ቃል ናት።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ጉርሻ ማለት ምን እንደሆነ አብረን እናስታውስ። እናት ልጇን ታጎርሳለች። ሙሽራ ሙሽሪትን ያጎርሳል። ባልንጀራ ባልንጀራውን «በሞቴ!» እያለ ያጎርሳል። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ያሉት አባቶቻችን በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ፣ ተራ በተራ የሚጎራረሱ ሰዎችን እያሰቡ ነው። እርግጥ በቀድሞው ዘመን ጌታው ቆሞ ለሚያሳልፈው አሽከርም ያጎርስ ነበር። ያም ቢሆን አሽከሩ ከጌታው ቤት ቀለብ ነበረው፤ ጉርሻው ከቀለቡ በላይ የሚመጣ የፍቅር ምልክት ነበር። እኛ ዘመናውያን ነን የምንል ሰዎች ግን ቀለቡን አስቀርተን ጉርሻውን ብቻ አስቀረን። ስሙ የፍቅር ሆኖ ቀረ፤ ሥራው ግን ደመወዝን መተካት ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይህ ነው።

ነገሩ የስም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርሁበት። ጣጣው ሕጉ ዘንድ ሲደርስ ይከፋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ ደመወዝ ተብለው የማይቆጠሩትንም ይዘረዝራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን እያለ ይሄድና ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያንም ከዚያው ይደምረዋል። ከርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ይል ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። አንዲት አስተናጋጅ በወር 3,000 ብር ደመወዝ፣ 3,000 ብር ደግሞ ጉርሻ ታገኛለች እንበል። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው። በደመወዟ ልክ በየወሩ የሚቀመጥላት 540 ብር ይሆናል። ገቢዋ በሙሉ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ 1,080 ብር በሆነ ነበር። የገቢዋ እኩሌታ በእርጅናዋ ቀን አይቆጠርላትም ማለት ነው።

ብታረግዝስ? ሕጉ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። መልካም ነው። ነገር ግን አራት ወር ቤቷ ስትቀመጥ ጉርሻ የሚሰጣት ማን ነው? ሁለተኛ አፍ በመጣበት ሰዓት ገቢዋ በግማሽ ይወርዳል። ብትታመምም ያው ነው። ይኸው የ2011 አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ እስከ 2016 ዓ.ም ድረስ ግን ለግሉ ዘርፍ ወለሉ አልተቆረጠም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

«ጉርሻ ባይኖር ማን ይተጋል?» የሚሉ አሉ። እንግዲያው ሽንኩርቱን ስታቁላላ ያደረችውን የወጥ ቤት ሴት ማን አተጋት? ከጓሮ ሆና እስከ እኩለ ሌሊት ሰሃን የምታጥበውንስ? እነርሱን ያየ ደንበኛ የለም፤ ያጎረሳቸውም የለም፤ ምግቡ ግን ጣፍጦ ቀርቧል። ሌሎች ደግሞ «ደመወዝ ከተጨመረ ዋጋው ይወደዳል» ይላሉ። ይወደድ! ያው ከኪሳችን የሚወጣ ገንዘብ ነው። በፈረንሳይ ምግብ ቤት የአስተናጋጁ ዋጋ ከምግቡ ዋጋ ጋር ተደምሮ ይጻፋል፤ ደንበኛው ከዚያ በላይ ጥቂት ሣንቲም ቢተው ምስጋና ነው፣ ባይተው ማንም አይራብም።

ይህን ጉዳይ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሆነን አላነሳነውም። በአሜሪካ የመኝታ ባቡሮች ላይ ያገለግሉ የነበሩ ጥቁር ሠራተኞች ደመወዛቸው እጅግ አነስተኛ ስለነበረ በመንገደኛው ጉርሻ ይኖሩ ነበር፤ እየሳቁ ካልተለማመጡ ልጆቻቸው አይበሉም። እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ12 ዓመት ትግል በኋላም በ1937 ከኩባንያው ጋር ተፈራረሙ። በዚያችው አገር ግን የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ የቆረጠው የሰዓት ወለል ከ1991 ወዲህ 2 ዶላር ከ13 ሣንቲም ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ደንበኛው ይሙላው ተብሎ። በታላላቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይም ጉርሻው በቀን እየታሰበ ከመንገደኛው ሂሳብ ጋር ይደመራል። ባለመርከቡ ደመወዙን ወደ መንገደኛው ማሻገሩ ነው። ሀብታም አገር አደረገው ማለት ቅን ሥራ ነው ማለት አይደለም።

ወደ አምቦ ልመለስ። ከነገ ጀምሮ ጉርሻ ይቅር አልልም። እንዲህ ብል ከዚያች ልጅ አፍ መንጠቅ ይሆንብኛል። ደመወዟ እስኪስተካከል ድረስ ያለብን ዕዳ ነውና እንክፈል፤ አከፋፈላችን ግን የሰው ይሁን። በእጇ እንስጣት፤ ዐይን ዐይኗን እያየን እናመስግናት። እጅ እያጨበጨብን አንጥራት። ሃያ ብር ሰጥተን የስልክ ቁጥሯን የምንጠይቅ ሰዎች፣ የጣልነው ጉርሻ ሳይሆን ወጥመድ መሆኑን እንወቀው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ሂሳባችንን በስልክ ዘግተን እጃችንን እያራገብን የምንወጣም በዝተናል፤ ለርሷ የሚሆን ዝርዝር ብር በኪስ መያዝ አይከብድም። ደረሰኙ ላይ «10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ» የሚል ካለ ደግሞ ለማን እንደሚደርስ በትሕትና እንጠይቅ። ጠያቂ ሲበዛ መልስ ይመጣል።

እናንተ ባለሆቴሎች ሆይ! በረንዳችሁ ያማረው፣ እንግዳው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣላችሁ በእነዚህ ልጆች ፈገግታ ጭምር ነው። ያመለጠን ሂሳብ ከልጅቷ ደመወዝ ስትቆርጡ የንግዳችሁን ኪሳራ ከቤታችሁ ሁሉ ድኻ በሆነችው ላይ መጫናችሁ ነው። በሯን የምትጠብቁ፣ ዘበኛውን የምትቀጥሩ እናንተ ናችሁ፤ ለሸሸው ደንበኛ መጠየቅም የእናንተ ነው። የሚያኖር ደመወዝ ክፈሉ፤ በወረቀት ጻፉት፤ ጡረታዋን በዚያው ልክ አስቀምጡላት።

ያን ጊዜ እኛም ጠግባ ላደረች ልጅ እንደ ወንድምና እንደ አባት ጉርሻችንን እንሰጣታለን። ብትወድ ትቀበለናለች፤ ካልወደደችም «ይቅርብኝ ጋሼ፣ ጠግቤአለሁ» ትለናለች። እንቢ ማለት የሚቻልበት ጉርሻ ነው ጉርሻ።