ሞተሩ በግንቦት ይታይ

ላም ኮርማ መፈለጓ ንጋት ላይ ከታየ የማዳቀል ቴክኒሻኑ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መድረስ አለበት። ማታ ከታየ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት። የፍላጎቱ ጊዜ ከግማሽ ቀን ብዙም አይዘልም፤ በአገር ዝርያ ላሞች ላይ ከዚያም ያጥራል። ያ ሰዓት ካመለጠ ቀጣዩ የሚጠበቀው ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ነው።

ይህን አርሶ አደሩም ባለሙያውም ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው በሐምሌ ነው። አርሶ አደሩ ይደውላል። ቴክኒሻኑ የናይትሮጅን መያዣውን ጭኖ የሞተር ሳይክሉን መርገጫ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይረግጣል። ሞተሩ ያስነጥሳል እንጂ አይነሳም። መያዣውን ተሸክሞ በዋልካ ጭቃ ሁለት ሰዓት በእግር መሄድ የሚታሰብ አይደለም። "ነገ እንመጣለን" ይባላል፤ ነገ ግን የላሟ ሰዓት አልፏል። ለገበሬው ይህ ማለት 21 ቀን በከንቱ የተመገበ መኖ፣ 21 ቀን የዘገየ ጥጃ፣ 21 ቀን የዘገየ ወተት ነው።

የሰብሉም ነገር ከዚህ አይለይም። በ2002/03 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በስንዴ ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው፣ በሽታው በማሳ ላይ ከታየበት ቀን አንስቶ እያንዳንዱ ቀን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይረሳም። በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም የእሳት እራቱ በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይበራል። ይህን ሁሉ ተከታትሎ ማሳ ለማሳ መዞር ያለበት የልማት ሠራተኛ፣ ሞተሩ ከቆመ በእግሩ የሚደርሰው ለጥቂት ጎጥ ብቻ ነው።

ለምን ቆመ ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ "ሞተሩ አርጅቷል" የሚል ነው። ማርጀቱ እውነት ነው። በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በሥራ ላይ ያሉት ሞተሮች ብዙዎቹ የመጀመሪያ አሽከርካሪያቸው ማን እንደነበር እንኳ የሚያስታውስ የለም። ነገር ግን አሮጌው ሞተር በየካቲት ሲሠራ ነበር፤ በሚያዝያም ሲሠራ ነበር። በሐምሌ ያቆመው ከዕድሜው ይልቅ በግንቦት ማንም ሳያየው ክረምት መግባቱ ነው።

የዚህ ሥር ከጋራዥ ይልቅ በሒሳብ ክፍል ይገኛል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በወረቀት ላይ በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በተግባር ግን ሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ግዢ ይቆማል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ አዲሱ በጀት ለየክፍሉ እስኪደለደልና የግዢ ዕቅዱ እስኪጸድቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። በዚህ አካሄድ ሰኔ መጨረሻ ላይ የተጠየቀች አንዲት ካንዴላ መስከረም ላይ ብትደርስ የሚገርም አይሆንም። ክረምቱ አልፏል፤ ዘሩ ተዘርቷል፤ አረሙም በቅሏል። ሞተር በብዛት የሚበላሽበት ወቅትና መለዋወጫ የማይገዛበት ወቅት አንድ ላይ ወድቀዋል ማለት ነው። ይህን የገንዘብ ሕጉን ሳይነኩ ማስተካከል ይቻላል። የክረምቱ ዕቃ በግንቦት ከተገዛ፣ ሒሳቡ ሳይዘጋ ዕቃው ግምጃ ቤት ይገባል።

ምን ይገዛ ለሚለው ዝርዝሩ ረጅም አይደለም። ለአንድ ሞተር ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ ለፊትና ለኋላ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ካቮ፣ ከመነዳሪ፣ ግራሶ፣ ለሞተሩ የሚስማማ ዘይት። እዚህ ላይ "የሚስማማ" የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። በገጠር ሥራ ላይ የሚታዩት ያማሃ ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 በስም ወንድማማች ቢመስሉም አሠራራቸው የተለያየ ነው። "ኤጂ" የሚለው ራሱ ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ ሁለቱም ከፊትና ከኋላ መጫኛ አላቸው፣ ካቴናቸውም ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ኤጂ 100 ግን ባለ ሁለት ምት ነው። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥላል፤ ለዚህም ለብቻው የዘይት ጋን አለው፣ ፓምፑ ራሱ ይመጥናል። ጋኑ ባዶ ከሆነ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የካንዴላ መሆኑ ይቀርና የሞተር እድሳት ይሆናል። ኤጂ 200 ባለ አራት ምት ሲሆን ዘይቱ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥና በየጊዜው የሚቀየር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ ይህን ልዩነት የሚነግረው ካላገኘ፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ከግዢው የሚበልጠው ግን በቤት የሚደረገው ነው። ሞተሩ ከቢሮው ይልቅ ብዙ ሌሊት የሚያድረው በባለሙያው ቤት ወይም በቀበሌው መጋዘን ነው። መጋዘን ሲባል ደግሞ በክረምት መግቢያ የማዳበሪያ መጋዘን ማለት ነው። ዩሪያና ኤንፒኤስ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ፤ እርጥበት የጠጣ ማዳበሪያ ደግሞ ብረት ይበላል። ጣሪያ አገኘሁ ብሎ ሞተሩን ከኬሻው ጎን የሚያቆም ሰው ሳያውቀው ለዝገት እየሰጠው ነው። መጫኛው ላይ ማዳበሪያ የጫነም ቢሆን ማታውኑ በውሃ አጥቦ ካላደረቀው በአንድ ክረምት ልዩነቱን ያየዋል። ከከብት ጋር በአንድ ጋጣ ማሳደርም ያው ነው፤ የሽንቱ ትነት የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን መጋጠሚያ ያበላሻል። ገለባ አጠገብ ከቆመ ደግሞ አይጥ ሽቦ ትቆርጣለች። የቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ከላይ ብቻ ተሸፍኖ ከታች አየር እያገኘ ቢያድር ይሻላል። በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ ማሰር እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል እንጂ አያስወጣም።

ማጠብም የራሱ መላ አለው። ብዙ ሞተረኛ ከመስክ ሲመለስ ትኩስ ሞተሩን እንደያዘ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ውሃው ወደ ፍሬኑ ከበሮ፣ ወደ ጎማው ኩሽኔታና ወደ አየር ማጣሪያው ይገባል፤ ዘይቱ ደግሞ ከብት ወደሚጠጣበት ይወርዳል። ዋልካ ሳይደርቅ በእንጨት ይነሳል፤ የቀረው በባልዲ ውሃና በጨርቅ ይበቃል። በተለይ በሞተሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀው ጭቃ መውጣት አለበት። እነዚህ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ስለሆነ፣ ክንፎቹ በጭቃ የተደፈኑበት ሞተር ቀዝቃዛ ዝናብ ውስጥም ይግላል። ከታጠበ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ማድረቅ፣ ፍሬኑንም ቀስ እያሉ ይዞ ውሃውን ማስወጣት ያስፈልጋል።

በክረምት "አልነሳም አለ" ከሚባሉት ሞተሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ቤት ባለ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የካንዴላው ቆብ ይታይ፤ እርጥበት ገብቶበት ከሆነ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃዋል። ቀጥሎ ካንዴላው ይውጣ፤ ከጠቆረ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ይመለሳል፣ ካልሆነ በግንቦት የተገዛው ይገባል። ሦስተኛው ነዳጁ ነው። ማደያ በራቀበት ቀበሌ ቤንዚን የሚገዛው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ይቀላቀልበታል። ጠርሙሱ ምድጃ በሌለበት ቦታ ጥቂት ቢያርፍ ውሃው ከታች ይተኛል፤ ከላይ ያለው ይቀዳል፣ የታችኛው ይቀራል። ወደ ካርቡሬተሩ የገባውን ደግሞ በሆዱ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ፈታ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ስንት ሞተር በዚህች ብሎን ምክንያት በፒክ አፕ ተጭኖ ወደ ከተማ እንደሄደ ቢቆጠር ግን ለትዝብት ይዳርጋል።

ወንዝ ሲሻገር ውሃ ውስጥ የጠፋ ሞተርን በተመለከተ አንድ ነገር ሁሉም ሞተረኛ ሊያውቅ ይገባል። ወዲያው መርገጥ አይገባም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ እያለ መርገጫው በኃይል ከተመታ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው። መጀመሪያ ካንዴላውን አውጥቶ፣ ማጥፊያውን ዘግቶ፣ ቀስ እያሉ በመርገጥ ውሃውን በካንዴላው ቀዳዳ ማስወጣት ይቀድማል። ባለ አራት ምት ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ይታይ። ቀለሙ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ሳይቀየር መንዳት የለም። ደግሞም ወንዙ ከጉልበት ካለፈ ሞተሩ በዚህ ማዶ ቢቀር ይሻላል። ባለሙያ ከሞተር ይበልጣል።

ስለ ካቴናው ሽፋንም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፋብሪካው ሽፋኑን የሠራው ለጭቃ ነው። ለአንድ ጥገና ተፈትቶ "ኋላ እንመልሰዋለን" ተብሎ ጥግ የተጣለ ሽፋን በየግቢው ይታያል። ሽፋን የሌለው ካቴና በዋልካ መሬት ጥርሱንም ራሱንም ይበላል፤ ሲላላ ደግሞ ወጥቶ ጎማውን ይይዛል። ሽፋኑ ከጠፋ ካቴናውን በየማታው ጠርጎ ዘይት መቀባት የሞተረኛው ግዴታ ይሆናል።

ከዚህ ያለፈውን፣ የማርሽ ሳጥን መክፈትን ወይም ፒስተን ማውጣትን፣ በቤት መሞከር አያዋጣም። ያ የመካኒክ ሥራ ነው። መካኒኩ ግን ሥራው የሚቀለው ከላይ ያለው ሲደረግለት ነው።

"በጀት የለም" የሚለው መከራከሪያ ይጠበቃል። በጀት ጠባብ መሆኑ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ካንዴላ ያልተገዛለት ሞተር ከሁለት ዓመት በኋላ "ከአገልግሎት ውጭ" ተብሎ ከመጋዘን ጀርባ ይደረደራል፤ ቆይቶም በሐራጅ ይሸጣል። የገዛው የከተማ ልጅ ካርቡሬተሩን አጥቦ፣ ካቮ ለውጦ ሰው ሲጭንበት ያየ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ሞተሩ በእርግጥ አርጅቶ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በሌሴቶ፣ በጋምቢያና በዚምባብዌ የጤና ባለሙያዎችን ሞተር ሲያስተዳድር የቆየው ራይደርስ ፎር ኸልዝ የተባለው ድርጅት የታወቀው በዚህ ነው። አሽከርካሪው በየቀኑ ሞተሩን እንዲያይ ይሠለጥናል፤ የሚያልቅ ዕቃም ሳይሰበር በጊዜው ይለወጣል። ገበሬም ቢሆን ከዚህ የተለየ አያደርግም፤ ማረሻውን ለማሳል ዝናቡ እስኪጥል የሚጠብቅ የለም። የራሱን ሞተር የገዛ አርሶ አደር ሞተሩን ከመንግሥቱ ሞተር በተሻለ የሚይዘው ከበሬው ለይቶ ስለማያየው ነው።

የመንግሥቱን ሞተር ባለቤት የሚያሳጣው ሌላው ነገር እጅ መብዛቱ ነው። ሰኞ ሰብል ባለሙያው፣ ማክሰኞ እንስሳት ባለሙያው፣ ሐሙስ ለስብሰባ ሌላ ሰው የሚነዳው ሞተር ዘይቱን ማን እንዳየ አይታወቅም። አንድ ሞተር ለአንድ ሰው በፊርማ ቢሰጥ፣ አብሮትም ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና መንፊያ የያዘ ከረጢት ቢሰጥ፣ ጠያቂም ተጠያቂም ይኖራል። አሽከርካሪው አንድ ደብተር ይያዝ፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የተለወጠው ዕቃ፣ የታየው ጉድለት ይጻፍበት። የግንቦቱ ግዢ ከዚህ ደብተር ከተነሳ ግምት መሆኑ ይቀራል።

ይህ ደብተር በብዛት የሚጠፋው በዝውውር ጊዜ ነው። ባለሙያው ወደ ሌላ ቀበሌ ሲዛወር ሞተሩ ይረከባል፣ የሞተሩ ታሪክ ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በርክክብ ቅጹ ላይ ከሞተሩ ቁጥር ቀጥሎ ለደብተሩና ለመሣሪያው ከረጢት ሁለት መስመር ቢጨምር፣ አዲሱ ተረካቢ ዘይት የሚጨምረው የት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ያውቃል።