«ከባድ ነው» ማለት «አስተማማኝ ነው» ማለት ነው?

«ምስጢራችሁ አይሰበርም፤ ከጀርባው ያለው የሂሳብ ጥያቄ ከባድ ነው» ይሉናል። ለማን ነው የሚከብደው? በየትኛው ኮድ? በስንት ስህተት?

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሮበርት ማክኤሊስ በ1978 ባቀረበው የምስጠራ ዘዴ 524 ቢት መልእክት በስህተት አራሚ ኮድ ወደ 1,024 ቢት ይሰፋል። ከዚያ ሆን ተብሎ 50 ቢት ይገለበጣል። የምስጢር ቁልፉን የያዘ ሰው የኮዱን ውስጠ ነገር ስለሚያውቅ ሃምሳውንም ወዲያው ያርማል። ቁልፍ የሌለው የትኞቹ ቢቶች እንደተገለበጡ ሲፈልግ ይኖራል። እስከዚህ መልካም።

በዚያው ዓመት በርለካምፕ፣ ማክኤሊስና ቫን ቲልቦርግ ሊኒየር ኮድን በጥቅሉ የመፍታት ጥያቄ ኤንፒ-ኮምፕሊት (ለሁሉም አጋጣሚ የሚሠራ ፈጣን መፍትሔ የማይታወቅለት) መሆኑን አረጋገጡ። ይህን እንደ ዋስትና የምትጠቅሱልን ሰዎች፣ ማረጋገጫው የሚለውን አይታችኋል? የሚናገረው ስለ እጅግ ከባዱ አጋጣሚ ነው። ስለ አማካዩስ ምን ይላል? ምንም። የእናንተ ኮድስ እንደ ማንኛውም ኮድ ነው? አይደለም፤ ባለቤቱ እንዲፈታው ታስቦ የተሠራ ነው። ለባለቤቱ የተተወውን መንገድ ሌባ እንደማያገኘው ማን አረጋገጠ?

ይህ ተራ ጥርጣሬ አይደለም። ኒደራይተር በ1986 ሪድ-ሰሎሞን ኮዶችን ለምስጠራ አቀረበ፤ በ1992 ሲደልኒኮቭና ሼስታኮቭ ሰበሩት። ኤንፒ-ኮምፕሊትነት አዳነው? የማክኤሊስ ዘዴ ራሱ በመጀመሪያ መጠኑ በ2008 ተሰበረ፤ የተረፈው ቁልፉ ስለገዘፈ ነው። ዛሬ ክላሲክ ማክኤሊስ የተባለው የዘዴው ዘመናዊ ቅጂ በትንሹ መጠኑ እንኳ 261,120 ባይት ይፋዊ ቁልፍ ይጠይቃል።

«እኛ ቁልፉን አሳጥረናል» የምትሉስ? ያሳጠራችሁት ምን ጨምራችሁ ነው? ተደጋጋሚ ቅርጽ አይደለም? የማክኤሊስ ዘዴ የሚጠቀምባቸውን ጎፓ ኮዶች በእንዲህ ያለ ቅርጽ ያሳጠሩ ዘዴዎች ላይ በ2010 ፎዤርና ባልደረቦቹ በአልጀብራ ገብተው ብዙዎቹን ሰበሩ። ሳሩን አይታችሁ ገደሉን ረሳችሁት?

የጠየቅነው ብዙ አይደለም። የትኛው ኮድ? ምን ያህል መጠን? እስካሁን የሚታወቀው ምርጡ ጥቃት ስንት ስሌት ይፈልጋል? ቁልፉን ያሳጠረው ቅርጽ ለስንት ዓመት ተፈትኗል? መልሱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ያን ገጽ ግን እስካሁን አላሳያችሁንም።