አባትና ልጅ በልብ ወለድ መጻሕፍት

ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር ወጥቶ የተማረ ልጅ ደመወዝ መቍጠር ሲጀምር፥ ከአባቱ ጋር የሚያቀያይመው ነገር ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አይደለም። ልጅ «ዐወቅሁ» ሲል አባት «ናቀኝ» ብሎ ይሰማዋል። ደራስያን ይህን ነገር እንዴት እንደ ተመለከቱት ጥቂት እንመልከት።

በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ባለታሪኩ አወቀ የተጕለት ልጅ ሲሆን፥ አውሮፓ ተምሮ ይመለሳል። አባቱ በሞተ ጊዜም ስለ ለቅሶውና ስለ ተዝካሩ ከዘመዶቹ ጋር ይከራከራል። አንባቢ ሆይ፥ ክርክሩ ከዘመድ ጋር መሆኑን ልብ በል፤ አባትየው መቃብር ገብቷልና አሳቡን ሊናገር አይችልም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ደግሞ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው በሕይወት እንዲኖርላቸው ሲሉ፥ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ይሳላሉ። ተሳዮቹ ወላጆች ናቸው፤ ስለቱን የሚከፍለው ግን ልጅ ነው። ይህንም ያደረጉት ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ነው። የነገሩም ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ ከጨካኝ አባት ልጅ ሸሽቶ ያመልጣል፥ ከሚወደው አባት ግን ወዴት ይሸሻል?

መስኮባዊው ቱርጌኔቭም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1862 «አባቶችና ልጆች» በሚለው መጽሐፉ ይህንኑ ያሳየናል። ወጣቱ ባዛሮቭ ከሦስት ዓመት በኋላ ወላጆቹ ዘንድ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ቈይቶም ሊሄድ ይነሣል። ሽማግሌው አባት ኀዘኑን ዋጥ ያደርጋል እንጂ «ቈይልኝ» ብሎ አጥብቆ ለመለመን አይደፍርም።

እንግዲህ በሦስቱም ታሪኮች ልጅን ከአባት የሚለየው ጥላቻ ሳይሆን ሳይነገር የቀረው ነገር ነው። ስለዚህ ተማሪም ሆንህ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ፥ ለበዓል አገር ቤት ስትገባ ያወቅኸውን ለአባትህ ከመንገርህ አስቀድሞ፥ እርሱ ስላንተ ያሰበው ምን እንደ ነበረ ጠይቀው። መልሱ አያስደስትህ ይሆናል። ነገር ግን ከተዝካሩ ቀን ክርክር ይልቅ፥ አፉ መልስ ሊሰጥ በሚችልበት ጊዜ ከራሱ ጋር መከራከር ይሻላል።