የወጣቱን ጉልበት ለጨብሲ አንገብር!

በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋ በወዛደሩ ላብ የተገነባች ከተማ ናት። የነገውን አምራች ትውልድ ከቀን ወደ ቀን የሚያደክመውን ልማድ በዝምታ ልትመለከት አይገባትም።

አደጋው እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። ከቀትር በኋላ በበርጫ የሚቃመው ጫት፣ ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር አማካይነት አእምሮን ያነቃቃል፤ እንቅልፍንም ይነሣል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ ስም አልኮል ይጠጣል። በዚያን ጊዜ ማመዛዘን ይከዳል፤ ኮንዶምም ይዘነጋል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ከታወቁበት ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወገን አልቋል፤ ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት ቢኖርም ለሰፊው ሕዝብ የሚዳረስ ፈውስ ዛሬም የለም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በወጣቱ ላይ ብቻ መለጠፍ ችግሩን ከሥሩ አለመመርመር ነው። ጫት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑ አይካድም። የሺሻ ቤት መዝጋትም ብቻውን ጭሱን ከጓሮ ወደ ጓሮ ያዛውራል እንጂ አያጠፋውም። ሰንሰለቱ የሚቆረጠው በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ነው፤ እርሱም ሥራ ያጣው ወጣት የሚውልበት ባዶ ከሰዓት ነው።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበራት የስፖርት ሜዳውና ቤተ መጻሕፍቱ በዚያ ሰዓት ክፍት እንዲሆኑ ይታገሉ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በየመጠጥ ቤቱ መከበሩን ይከታተሉ። ሠራተኛውም በየሥራ ቦታው ይህን ያስተምር፦ ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ ብሎ የሠጋ ሁሉ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ቢሄድ የመከላከያ መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል።

ነውር ነው ብሎ መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል፤ ተደራጅቶ መነጋገር ግን ትውልድ ያድናል!