ልጅዎ «ልሂድ» ስትልዎ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢ፤

ሁልጊዜ ጀምረነው ሳንስማማ ስለምንተወው ጉዳይ ልጽፍልዎ ነው፤ ስለ ራያ ቆቦ ልጆች የዓረብ አገር ጉዞ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ሳዑዲ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። እርስዎ «መንግሥት መንገዱን ቢዘጋው ልጆቹ ይተርፉ ነበር» ይላሉ። የወላጅ ስጋት ነው፤ አልፈርድብዎትም። ግን እስቲ አብረን እንየው።

መንገዱ ተዘግቶ ያውቃል እኮ! በጥቅምት 2006 መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ከለከለ። በዚያው ወር መጨረሻ ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ታዲያ የቆቦ ልጅ ያኔ ቤቷ ተቀመጠች? የሰባው ደላላው ነው። በቦሌ መውጣት የተከለከለችው በአፋር በረሃ አድርጋ ጅቡቲ ገባች፤ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግራ፣ ጦርነት የሚያምሳትን የመንን አቋርጣ ወደ ሳዑዲ ድንበር ገሰገሰች። በሕጋዊ መንገድ የሄደችው ስሟ መዝገብ ላይ አለ፤ ድምፅዋ ሲጠፋ የሚጠየቅ ኤጀንሲ አለ። የበረሃዋን ግን ማን ዘንድ ሄደው ይጠይቁላታል?

«ቢያንስ ያልተማሩት ይቅሩ» ይሉኝ ይሆናል። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 923ም እንደርስዎ አስቦ፣ 8ኛ ክፍል ያላጠናቀቀ ለሥራ እንዳይሄድ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ዝናብ አጥሮ ማሽላው ሲደርቅ ከ5ኛ ክፍል ያቋረጠችውን ልጅ ያስቡልኝ። ትምህርቷን ያስተዋት ችግር ነው ለጉዞም ያስነሣት። ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚያስፈልጋት እርሷ ሆና ሳለ ሕጉ በር ዘጋባት።

ደግሞ በደርግ ዘመን ያለ መውጫ ቪዛ ከአገር መውጣት እንደማይቻል ሲያነሡ፣ እንደ በደል ነው የሚያወሩት። ልክ ነዎት። ታዲያ የከተማው ምሁር ሲታገድ በደል፣ የገበሬ ልጅ ስትታገድ ጥበቃ የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ሲል ዲፕሎማ አልጠየቀም።

«ሁሉም ከሄደ ሜዳውን ማን ይረሰው?» የሚለው ጥያቄዎ እኔንም ያሳስበኛል። ግን የአባት መሬት ለስንት ልጅ ይከፈላል? የቆቦ ከርሰ ምድር ውኃ አለው፤ መስኖው ይስፋ፣ ለወጣቱም ይድረሰው። ልጅቷን የሚያስቀራት የሚያኖራት ገቢ ይሁን እንጂ ክልከላ አይሁን።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጅዎ «ልሂድ» ስትል ገና ከአፏ ሳይወጣ «አይሆንም!» አይበሉ፤ ሌላ ቀን ለእርስዎ ደብቃ ለደላላው ትነግረዋለችና። አብረዋት ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ያጣሩ፣ ውሉን ያስነብቡ፣ ደመወዙንና የአሠሪዋን አድራሻ ጽፈው ያስቀምጡ። ቢሮው ነገ ከነገ ወዲያ እያለ ካመላለሳት፣ ያን የመከልከል ኃይልዎን እዚያ ያውሉልኝ፤ ደጋግመው ይመላለሱ፣ ይሟገቱላት።

አክባሪዎ